የቀረ ተጫዋች አይጠራም

ጋሽ ዘለቀ መሞታቸውን የሰማሁት ከቼዝ ግሩፓችን ነው። ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ፤ ስከፍተው "ጋሽ ፎርፌ አረፉ" ይላል፤ ከኋላቸው የምንጠራቸው በዚህ ስም ነበር። ከሥሩ የሚያለቅሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል። ልቆጥራቸው ጀመርኩና ሃያ ላይ ተውኩት። ከሰባት ወር በፊት፣ ሽማግሌው ክፍላቸው ወለል ላይ ወድቀው ሳሉ፣ እነዚሁ ሰዎች ይህንኑ ግሩፕ በሚስቅ ፊት ሞልተውት ነበር። ሳቁን የጀመርኩት እኔ ነኝ። አሁንም ከሰው እኩል አንድ የሚያለቅስ ፊት ላኩና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ጋሽ ዘለቀ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ከደብረ ማርቆስ ተመድበው ጂንካ ገቡ፤ "ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ" እንዳሉ እዚሁ ጡረታ ወጡ። አጭር፣ ደረቅ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። የእጅ ሰዓታቸውን የሚያስሩት መስተዋቱን ወደ ውስጥ፣ ወደ ደም ሥራቸው አዙረው ነው። ሊያስተምሩም ሊዳኙም ሲቀመጡ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያኖሩትና መስተዋቱን በጥፍራቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል። ያን ድምፅ የሰማ ተማሪ እግሩ በሩ ላይ ቢሆን እንኳ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ መግባት የለም። ሚስት አላገቡም። ለምን ሲባሉ "ቀጠሮ የምታከብር አጣሁ" ይላሉ። ቀልድ ነው ብሎ የሳቀ ሰው ካለ ዞር ብለው ያዩታል፤ ሳቁ አፉ ላይ ይቀራል።

ኮሮና መጥቶ ሰው ተሰብስቦ መቀመጥ ሲከለከል፣ ቼዝ ወዳዶቹን በስልክ ያገናኙን እሳቸው ናቸው። ቀድሞ ጂንካ ውስጥ ስድስት ሰባት ሆነን የምንጫወት ሰዎች፣ በገዘር፣ በቱርሚና በዱስ የተመደቡ አስተማሪዎችና ነርሶች ተጨምረውብን አርባ ደረስን። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ባለበት ሆኖ የውድድሩን ገጽ ይከፍታል። እኔና ጋሽ ዘለቀ እኔ የምሠራበት ቢሮ ውስጥ፣ ኢንተርኔቱ ሻል ስለሚል፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንዳኛለን። በስም ሁለታችንም ዳኞች ነን። በተግባር እሳቸው ይፈርዳሉ፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ።

ደንቡ አንድ ገጽ አይሞላም። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ጨዋታው ይከፈታል። እስከ ስምንት ሰዓት ከአሥር ድረስ መጫወት ያልጀመረ ሰው በፎርፌ ይሸነፋል። ምክንያት አይጠየቅም፣ ቢነገርም አይሰማም። ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው መስመር ነው፦ የቀረ ተጫዋች አይጠራም። ዳኛ ስልክ አንስቶ "የት ቀረህ?" ማለት አይፈቀድለትም።

እኛ አገር ደግሞ ከምክንያት በላይ የሞላ ነገር የለም። "መብራት ሄዶብኝ ነው" ሲሏቸው "መብራት አልተመዘገበም፤ የተመዘገብከው አንተ ነህ" ይላሉ። አንድ የገዘር ነጋዴ ከሚኒባስ ውስጥ ሊጫወት ብሎ ዳገቱ ላይ ኔትወርኩ ቢቆረጥበት፣ "ሁለት ቦታ የተቀመጠ አንዱም ጋ የለም" ብለው ፎርፌ ሰጡት። የዱሱ አስተማሪ ኔትወርክ የሚያገኘው ከወንዙ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ስልኩን ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር አስደግፎ ነው። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዞት ሦስት ደቂቃ ቢያሳልፍ እሱም ፎርፌ። ሰውየው ተናዶ በግሩፑ "ጋሼ፣ እርስዎ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚፈርዱት" ሲላቸው፣ "አዎ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት ግን በሰባት ሰዓት ተኩል ነው" ብለው መለሱለት።

እንዲህ ስነግራችሁ ዝም ብሎ ክፉ ሰው ይመስላሉ። ክፉ ቢሆኑማ ይቀለኝ ነበር። አንድ ቀን "ዳኛ ቢደውል ምን ይጎዳል?" አልኳቸው። ሰዓታቸውን በጥፍራቸው እየነኩ፣ "ሰለሞን፣ አንተ ብትደውል የሚያነሳልህ ማን ነው? ጂንካ ያለው። ቱርሚ ያለው ቀን ከቀናው ያነሳል። ዱስ ያለው አያነሳም። ጥሪ የሚደርሰው ለቅርብ ሰው ነው። ለሁሉ የማይደርስ ነገር ለማንም አይሰጥም" አሉኝ።

ለራሳቸውም አይሳሱም። አንድ ቅዳሜ ዙሩ ተጀምሮ ሳለ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ደርበው ቢሮው በር ላይ ቆሙ። ለመርዶ የመጣ ሰው አቋሙ ያስታውቃል፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው መሬት ያያል። ጋሽ ዘለቀ ቀና ብለው አዩዋቸውና ገባቸው። "አርባ ደቂቃ ይቀረዋል፤ ቁጭ በሉ" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ያን ቀን አየሁ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። በመሐል ጋሽ ዘለቀ ሁለት ፎርፌ አወጁ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። የመጨረሻው ጨዋታ እንዳለቀ ሰዓታቸውን አሰሩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ "ማን ነው?" አሉ። ታላቅ ወንድማቸው ነበር። ከዚያ እንደማንም ሰው ጮኸው አለቀሱ። እኔ ግን ከልቅሶው በፊት ያሉት አርባ ደቂቃዎች አስፈሩኝ።

ማርታን ያገኘኋት በዚሁ ውድድር ነው። የገዘር ልጅ ናት፤ ቱርሚ የተመደበች አዋላጅ ነርስ። ቼዝ የለመደችው ከስልኳ ብቻ ነው፤ እዚያ የሚያጫውታት አጥታ ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ አታውቅም። በዚያ ዓመት አራት ሰው መርጠን አርባ ምንጭ ለሚደረግ ውድድር እንልክ ነበር። ማርታ እስከ መጨረሻው ዙር አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም፤ እኩል ብትወጣ እንኳ ይበቃታል። "ፈረሱን በእጄ ይዤ ላንቀሳቅሰው ነው" ብላ ጽፋልኝ ነበር፤ እንደ ሕፃን ነው የጓጓችው።

በመጨረሻው ዙር ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ማርታ የለችም። ስምንት ከአምስት ሆነ፣ የለችም። እጄ ወደ ስልኬ ሄደ። ጋሽ ዘለቀ መዳፋቸውን ስልኬ ላይ ጫኑት። መዳፋቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ አልገፋም፣ አልጨበጠም፣ እዚያው ተቀመጠ። አሥር ደቂቃው ሲሞላ አነሱትና "ተጫን" አሉኝ። ተጫንኩ።

ከተጫንኩ በሁለተኛው ደቂቃ ማርታ በግሩፑ የድምፅ መልእክት ላከች። ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ከኋላዋ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። "ጋሼ፣ ሴት እያዋለድኩ ነው፤ ልጁ በእግሩ መጣብኝ። አሁን ገና ወጣ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። እጄን ታጥቤ ብቻ ነው የሮጥኩት። እባክዎን።"

ጋሽ ዘለቀ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ በአንድ ጣታቸው ቀስ ብለው ጻፉ፦ "እናትየዋን እንኳን ማርያም ማረችሽ በያት። ፎርፌ ነው።"

እሷን ተክቶ አርባ ምንጭ የሄደው ሰው አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ተመለሰ። ማርታ ሁለት ዓመት አልተመዘገበችም። ያን ዕለት ከቢሮው ስንወጣ "ጋሼ፣ ይህ ጭካኔ ነው" ብያቸው ነበር። "ጭካኔ አንዱን ጠብቆ ሌላውን አለመጠበቅ ነው" አሉና ጥለውኝ ሄዱ። ቂም የያዝኩት በዚያች ደቂቃ ነው። ለማርታ አዝኜ ብቻ አይደለም፤ የተጫነው ጣት የኔ በመሆኑ ነው። አጥፊው ጣቴ ሲሆን የምጠላው እሳቸውን ሆነ።

ዓይናቸው ሲደክም ዳኝነቱን ለቀቁልኝ። "ከእንግዲህ እኔ ተጫዋች ነኝ። አንተ ዳኝ። ለእኔም ያው አሥር ደቂቃ" አሉ። እውነቱን ልናገር፤ የጠበቅኩት ይህንን ነበር። በየቅዳሜው ስምንት ሰዓት ሲቃረብ ስማቸው ላይ አፈጥጣለሁ። የተጫዋቹ ስልክ ከገጹ ጋር ሲገናኝ ከስሙ ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ የእሳቸው ነጥብ ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ በየሳምንቱ፣ ሳይዛነፍ ይበራል። ስንት ቅዳሜ ነጥቡ እንዳይበራ ተመኘሁ። አንድ ዓመት ሙሉ አልሰመረልኝም።

ማርታ ተመልሳ በተመዘገበች ጊዜ በሦስተኛው ዙር ዕጣው ሁለቱን አገናኘ። ጋሽ ዘለቀ ነጭ፣ ማርታ ጥቁር። ለስምንት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን እንደ ልማዱ አረንጓዴው ነጥብ በራ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ጨዋታው ተከፈተ። ነጭ አልተንቀሳቀሰም።

በሦስተኛው ደቂቃ ማርታ ደወለችልኝ። "ሰለሞን፣ ጋሼ አልጀመሩም።"

"አያለሁ።"

"ደውልላቸው እንጂ።"

"የቀረ ተጫዋች አይጠራም" አልኳት። ይህን ስል አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ።

"አልቀሩም እኮ፤ ነጥባቸው በርቷል። እሳቸው አርፍደው ያውቃሉ?"

"ዛሬ አረፈዱ።"

ዘጋችና በስድስተኛው ደቂቃ መልሳ ደወለች። "እኔ ደወልኩላቸው። ይጠራል፣ አይነሳም። አንተ እዚያው ነህ፤ እባክህ ብቅ ብለህ እያቸው።"

"ማርታ፣ አንቺን ስንት ደቂቃ ጠበቁሽ?"

"እኔ እኮ ጨዋታ ነው የተወሰደብኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። ከዚህ በፊት ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "የሰውየው ዕድሜ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ዙሩ ሲያልቅ አያቸዋለሁ" አልኩና ዘጋሁ።

የሚኖሩት ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ በአከራያቸው በእትዬ አስናቀች ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ከቢሮዬ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ እትዬ አስናቀች ገበያ እንደምትውልና ግቢው ባዶ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሁሉንም አውቃለሁ። አሥር ደቂቃው ሲሞላ ተጫንኩ። ከዚያ በግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ "አቶ ዘለቀ፦ ፎርፌ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።"

ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ባለፉት ዓመታት ፎርፌ የቀመሰ ሁሉ ምሳሩን ይዞ መጣ። "መብራት ሄዶባቸው ይሆን? መብራት እኮ አልተመዘገበም!" አለ የገዘሩ ነጋዴ። የዱሱ አስተማሪ "ጋሼ፣ ዛፍ ላይ ወጥተው ይሞክሩ" አለ። አንዱ ደግሞ "እንኳን ማርያም ማረችዎት" ብሎ ጻፈ፤ በእሱ ላይ ከማንም ይልቅ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ማርታ አንድ ቃል ሳትጽፍ ከግሩፑ ወጣች። አረንጓዴው ነጥብ እንደበራ ነበር።

ዙሩ ሲያልቅ አላየኋቸውም። ከሁለት ተጫዋቾች ጋር ሥጋ ቤት ሄደን ጥሬ ሥጋ አዘዝን፤ ነገሩን እንደ ድግስ ነው የያዝነው። ሥጋ ቤቱ ከእትዬ አስናቀች ግቢ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማርታ ደወለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም። "ሆስፒታል ናቸው" አለችኝ።

ስትደውል የዋለችው እሷ ናት። ከቱርሚ ሆና ጂንካ ያለች የሥራ ባልደረባዋን ለምና፣ ባልደረባዋ ገበያ ወርዳ እትዬ አስናቀችን ፈልጋ፣ በሩን በድንጋይ ሰብረው አገኟቸው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ፣ ገጹ ተከፍቶ፣ ሰዓታቸው ተፈትቶ ከጎኑ ተቀምጧል። እሳቸው ከወንበሩ ሥር ናቸው።

ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ "መቼ እንደወደቁ የሚያውቅ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"ለስምንት አምስት ጉዳይ ደህና ነበሩ። ስምንት ሰዓት ላይ አልነበሩም" አልኩት።

ገርሞት አየኝ። "እንዲህ በደቂቃ እንዴት አወቅህ?"

"ዳኛ ነኝ።"

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ብዕሩን ከወረቀቱ አንስቶ፣ "ታዲያ እስካሁን የት ነበራችሁ?" አለኝ። አፌ ላይ የሥጋ ቤቱ ሚጥሚጣ እያቃጠለኝ ነበር።

ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። ልጠይቃቸው ድፍረት ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። እትዬ አስናቀች በትራስ ደግፋ አስቀምጣቸዋለች፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አነሡና አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አገናኝተው ክብ ሠሩ። ዜሮ። ክቡን ዓይኔ ድረስ አቀረቡት። ፎርፌ ሰጠኸኝ ወይ ማለታቸው ነው።

"የለም፣ ጋሼ!" አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሮጦ ወጣ። "እርስዎንማ እንዴት ብለን! ጨዋታውን አቆይተነዋል። ሁላችንም ጠበቅንዎት፤ ስንደውል፣ ስንፈልግዎት ነው የዋልነው።"

ክቡ ቀስ ብሎ ተፈታ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ አስናቀች "ደክሟቸው ነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያየሁት ጀርባቸውን ነው። ጥብቅ ሰው ናቸው፣ ደንቡን ለእሳቸው ብዬ የጣስኩ መስሏቸው ተቀየሙኝ አልኩ። ይህ ሐሳብ፣ ይገርማችኋል፣ ያጽናናኝ ነበር። ባልሠራሁት ደግነት መጠላት ከሠራሁት ነገር ይሻላል።

የተቀበሩት ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ማርታ ከቱርሚ በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ አልቋል። ጫማዋ፣ ፀጉሯ፣ ሁለመናዋ አቧራ ነው። መቃብሩ ራስ ቆመን ስለዚያ ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራን። ስለ ዜሮው፣ ስለ መለስኩላቸው መልስ፣ ስለ ግድግዳው ነገርኳት።

ሰማችኝና "መቼ ነው እሱ?" አለች።

"ከወደቁ በሁለተኛው ወር።"

"እኔ የሄድኩት በሁለተኛው ሳምንት ነው" አለች። "ለእኔም ያንኑ ዜሮ ሠሩልኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። አንተ ፎርፌ እንደሰጠሃቸው፣ ደውል ስልህ እምቢ እንዳልክ፣ ሰዉ እንደሳቀ፣ ሁሉንም።"

"ምን አሉ?"

"በደህናው ጎን ፈገግ አሉ። ከዚያ ስልኬን በእጄ ይዤው ነበር፣ መዳፋቸውን እንዲህ አድርገው ላዩ ላይ ጫኑት።" አቧራማ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። "ልክ ነው ማለታቸው መሰለኝ። አልተቀየሙህም ነበር፣ ሰለሞን። አንተን የጠየቁህ እያወቁ ነው።"

ዞራ ወደ መኪናው ሄደች። ማታውኑ መመለስ ነበረባት፤ ተረኛ ናት።

ውድድሩ አልቆመም። ደንቡን ግን ቀይሬዋለሁ፤ አሁን የቀረ ተጫዋች ይጠራል፤ እኔ ራሴ እደውላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ሰው ቀርቶ ነበር። የጂንካዎቹ ሁለቱ በመጀመሪያው ጥሪ አነሡ፤ ይቅርታ ብለው ገቡ፣ ተጫወቱም። የዱሱ አስተማሪ ጋ አራት ጊዜ ደወልኩ፤ ጥሪው አልደረሰም። ፎርፌ ሰጠሁት።